በረንዳው ላይ የያዝኩት ቦታ

ባለፈው ክረምት የእኔ ሥራ በር ላይ ቁጥር መጻፍ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ሄድኩና ከወባ ረጪዎች ጋር በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። ረጪዎቹ የትንኝ መድኃኒቱን፣ ዲዲቲውን፣ በጀርባቸው አዝለው የየቤቱን ግድግዳ ይረጫሉ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ የተረጨውን ቤት እመዘግባለሁ፤ በሩ ላይም በቀይ ቀለም ቁጥሩን እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ስለ ነበር አለቃችን ሰው ባገኘ ቁጥር ጽሕፈቴን ያሳይ ነበር። እኔም መመስገኑን እወድ ነበር፤ ከሚገባው በላይ እወድ ነበር።

ቡና ቤት የመምረጡ ኃላፊነት በእኔ ላይ የወደቀው በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። ረጪዎቹ ከሥራ ሲመለሱ ልብሳቸውም ጸጉራቸውም መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ቢታጠቡም አይለቃቸውም። ወፍጮው አጠገብ ያለው ጠጅ ቤት አንድ ቀን ካስተናገደን በኋላ ሁለተኛ አላስገባንም። እኔ መድኃኒቱን ስለማልነካ አልሸትም። ስለዚህ ሥራ ባበቃ ቁጥር አለቃችን፣ «አንተ ንጹሑ፣ ቅደምና ቦታ ያዝልን» ይለኛል።

ጠጅ ቤቱ ከከለከለን በኋላ የቀሩን ሁለት ነበሩ። አንዱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ጓሮው ውስጥ አንዲት ክፍል ያለችው ቡና ቤት ነው። ሌላው በዋናው መንገድ ላይ ያለው ነው። በረንዳው ሰፊ ነው፤ ምሰሶዎቹ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል፤ ከገበያ የሚመጣም ወደ ገበያ የሚሄድም በፊቱ ያልፋል። ባለቤቷ ገና ከሩቅ ስታየኝ፣ «ወባዎቹ ሊመጡ ነው?» ትለኛለች። «ከውስጥ አላስገባም፣ በረንዳ ላይ ከሆነ ይምጡ። በእናንተ የተነሣ ትንኝ እንኳ ቤቴን ረስቶታል፤ እንኳን ሰው!»

እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ጓሮውን ነበር። የምመርጠውም ለአንድ ሰው ስል ነው።

ይህ ሰው የቡድናችን ረጪና አስተርጓሚ የሆነው ጓደኛዬ ነው። የመስቃን ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ከእኔ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ይበልጣል። በሥራው በአንድ ቤት ደጃፍ በጉራጊኛ፣ በሚቀጥለው በስልጢኛ ሲያናግር እሰማዋለሁ። ከእኛ ጋር ቡና ቤት ሲመጣ አራንቻታ፣ ለስላሳውን፣ ብቻ ይጠጣል። ባይመጣ ደስ ይለው ነበር፤ ግን አለቃችን የቀረ ሰው አይወድም፤ ጓደኛዬ ደግሞ በቋሚነት ለመቀጠር የአለቃችንን የድጋፍ ቃል ይፈልጋል።

አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳር የአንድ ነጋዴ ቤት ረጨን። ጓደኛዬ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ ሲረጭ ሾፌራችን፣ «የአማቱ ቤት ነው መሰል፣ ትንኝ እንዳትነክስበት ነው!» ብሎ አሳቀን። እውነትም ነበር፤ የሰውየውን ልጅ ለጋብቻ ጠይቆ በቃል እሺ ተብሎ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቁጥር ስጽፍ ሽማግሌው ነጋዴ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ይህ ልጅ ጓደኛህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ። ጨዋ ሰው ነው።»

«አባቱንም ስለማውቅ ጨዋነቱን አውቃለሁ። የማላውቀው ከሥራ ሲወጣ የት እንደሚውል ነው። ቡና ቤት በር ላይ ካየሁት ልጄን አልሰጥም፤ ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ።»

ጓደኛዬ ስንመለስ፣ «ሰማህ አይደል? የትም ምረጥ ወንድሜ፤ በረንዳውን ብቻ ተውልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጓሮው ምን ቢያፈስ፣ ሾፌሩ ምን ቢያጉረመርም፣ ጓሮውን እመርጥ ነበር።

ሥራው ያበቃው በጳጉሜ፣ በገበያ ቀን ነው። ጠዋት አለቃችን ጠራኝ።

«ዛሬ መሰነባበቻችን ነው። በረንዳው ላይ አድርገው። የወረዳው ገዢ በዚያ በኩል ማለፋቸው አይቀርም፤ ሠርተን መጨረሳችንን ይዩልን። እስከ መቼ ነው እንደ ሌባ ጓሮ ለጓሮ የምንጠጣው?»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዬ መርጫውን እያጠበ፣ «ዛሬም ጓሮው ነው አይደል?» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ሁለቱንም እሺ ያልኩት ላታልል ብዬ አልነበረም። የሁለቱንም ፊት ሲጠቁር ማየት ስለማልፈልግ ነው። ከሰዓት በኋላ ቀድሜ ሄጄ በረንዳው ላይ ወንበሮቹን ስደረድር ለጓደኛዬ ጥግ ላይ፣ ከወፍራሙ ምሰሶ ኋላ፣ ጀርባውን ለመንገዱ የሚሰጥ ቦታ አበጀሁለት። መንገዱ ላይ ወርጄ ከወዲያም ከወዲህም ተመለከትኩ። አይታይም። እንዲያውም በዘዴዬ ኮራሁ።

ጓደኛዬ መጥቶ ደረጃው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ጓሮው ይህ ነው?» አለኝ በቀስታ።

«ከምሰሶው ኋላ ነህ፤ ማንም አያይህም።»

«ና ግባ እንጂ ሙሽራው!» ብሎ ሾፌሩ ጮኸ። አለቃችንም እጁን ዘርግቶ ጠራው። ጓደኛዬ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ እኔን አየና ገብቶ ተቀመጠ።

አለቃችን ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው እንዲስቅለት ግን ይወድ ነበር። ለጤናችን እንድንጠጣ ለሁላችንም ቢራ አስቀዳ፤ ለጓደኛዬም ከአራንቻታው ጎን አንድ ብርጭቆ አስቀመጠለት። «አትቅመሰው፤ አንሣውና አስቀምጠው» አለው። ጓደኛዬ አነሣው፣ አስቀመጠው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ይዘንብ ነበር፤ እኔ ግን ቦታ ስመርጥ ዝናብን አላሰብኩም። ገበያው ተበተነ። ሰው ጨውም በርበሬም በራሱ ላይ ተሸክሞ ሮጠ፤ በቅርብ የነበረው ጣሪያ ደግሞ የእኛ በረንዳ ነበር። ባንድ አፍታ በየወንበሮቻችን መካከል ሰው ቆመ፤ ከምሰሶው ኋላም ቆመ። ከእነሱ መካከል ጥቁር ጃንጥላቸውን እያጠፉ የገቡት ሽማግሌው ነበሩ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ ገና ማን እንደተቀመጠ ሳያዩ።

ጓደኛዬ ብድግ ብሎ መለሰ። ሽማግሌው እሱን አዩት፤ ጠረጴዛውን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን የመረጡት ስለሚያውቁኝ ይመስለኛል።

«ልጄ፣ ይህ ብርጭቆ የማን ነው?»

የእኔ ነው ማለት ይበቃ ነበር። የራሴን ብርጭቆ ጨርሼው ነበርና ሁለተኛዬ ነው ብል የሚጠራጠር አልነበረም። አፌን ከፈትኩ። አለቃችን ቀደመኝ።

«የሱ ነዋ! ልጅዎን ወንድ አደረግንልዎ፣ ሐጂ!»

ቀልዱ ነበር። ሾፌሩ ሳቀ። አለቃችን እንደ ልማዱ ዓይኑን በየተራ በፊታችን ላይ እያዞረ ሳቃችንን ጠበቀ፤ እኔ ላይም ደረሰ። ሳቅሁ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ይሁን» ብቻ ብለው ጃንጥላቸውን እንደገና ዘረጉና ወጡ። ሰዎቹ፣ «ኧረ ይጠለሉ፣ አባታችን!» እያሉ ጮኹባቸው። በዚያ ዝናብ መንገዱን ይዘው ሲሄዱ ጫማቸው በጭቃው እየተያዘ ሁለት ጊዜ ቆመው አየሁ።

ጓደኛዬ ቢራውን አንሥቶ በበረንዳው ጠርዝ ወደ ውጭ ደፋው፤ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ቦታው መልሶ ሄደ።

«ምን ሆነ? ቀልድ አያውቅም እንዴ?» አለ አለቃችን።

«ሲረጋጋ ይመለሳል፣ ጌታዬ» አልኩ።

አልተመለሰም። ሊመሽ ሲል ወደማድርበት ቤት መጣ። አልወቀሰኝም። «ሐጂ አንተን ያምኑሃል» አለኝ። «ነገ ከመሄድህ በፊት እቤታቸው ድረስና እሱ አልጠጣም ብለህ ብቻ ንገራቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ» አልኩት።

በማግስቱ በማለዳ ሄድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ቤቱን ከሩቅ ያወቅሁት በበሩ ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ የእኔ ጽሕፈት። ከውስጥ የሽማግሌው ሳል ይሰማል። ማንኳኳት ነበረብኝ። ግን እሱ አልጠጣም ካልኩ ትናንት ለምን ሳቅህ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቁጥሩን እያየሁ ጥቂት ቆምኩና ተመለስኩ።

ጓደኛዬ አውቶቡሱ አጠገብ ይጠብቀኝ ነበር። ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አየና ፊቱ በራ።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«እናስብበታለን አሉ።»

በሁለት እጁ እጄን ያዘኝ። ሳጥኔንም ራሱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሰረልኝ።

አሁን አዲስ አበባ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የጓደኛዬ ደብዳቤ በኅዳር ደረሰኝ። ልጅቱ ለሌላ ሰው፣ ለአንድ የቆሼ ነጋዴ፣ እንደተዳረች ይነግረኛል። ሰዎች ሽማግሌ ቶሎ ላክ ሲሉት፣ እያሰቡበት ነውና አላጣድፋቸውም እያለ እስከ መስከረም መጨረሻ ጠብቆ ነበር። የላከ ዕለት ሽማግሌዎቹ ዘግይቷል ተብለው ተመለሱ። ደብዳቤው ሲያበቃ፣ «በዚያ ጭቃ ስለ ደከምክልኝ አመሰግንሃለሁ» ይላል።

መልስ ስጽፍለት ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ገና ስጀምር እጄ ፊደሉን ማሳመር ይጀምራል፤ ቃሉም ከፊደሉ ጋር ያምራል። በአራተኛው ላይ «አልነገርኳቸውም» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ወረቀቱ አሁንም ደብተሬ ውስጥ ነው። ቴምብር ከገዛሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።