ሰፊው ሌንስና የሁለቱ ወንድማማቾች ማሳ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከሚሴ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በአንድ ሌንስ ምክንያት ሁለት ወንድማማቾችን ላጫርስ ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

እንጀራዬ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ቀና በል፣ አትሳቅ» ማለት ለእኔ ዓይነቱ ጥበበኛ እንደማይመጥን ራሴን አሳመንኩ። የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ መሆን አማረኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ሻጩን ባማክረው «ሰፊውን ሌንስ ውሰድ፤ አገሩን በሙሉ ይውጥልሃል» አለኝ። ሻጭ መቼም ዋሽቶ አያውቅም። ሌንሱ የቀረበውን እንደሚያገዝፍ፣ የራቀውን እንደሚያሳንስ አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። እኔም አንብቤዋለሁ፤ ለፎቶው ውበት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ጨፋ ሮቢት አጠገብ ወዳለው የወዳጄ የኡመር ማሳ ነው። ኡመርና ታላቅ ወንድሙ ሙሄ በአባታቸው መሬት ሁለት ዓመት ተኮራርፈው፣ ሽማግሌዎች በገመድ ለክተው እኩል ካካፈሏቸው ገና ዓመት አልሞላም። እኔ ከኡመር ማሳ ጫፍ ተንበርክኬ፣ የማሾው ቅጠል አፍንጫዬን እየነካኝ አነሳሁ። የሙሄ ማሳ ከኋላ ነበር። ፎቶው እንዴት አምሮ ወጣ! በትልቁ አሳጥቤ ከነፍሬሙ ለኡመር ሰጠሁት። ደግ ሰው ነኝ።

ለኢድ ሙሄ ታላቅነቱን ትቶ እሱ ቀድሞ ወንድሙን ሊዘይር ቤቱ መጣ። እኔም ተገኝቻለሁ፤ ስለ ፎቶው የምመሰገን መስሎኝ። ሙሄ ሻይ እየጠጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ቀና ብሎ አየ። የኡመር ማሳ ሜዳውን ሞልቶ ተንጣልሏል፤ የእሱ ከበስተኋላ እንደ መቀነት ቀጥኗል። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ኡመር፣ ድንበሩን መቼ ነው የገፋኸው?»

ኡመር ሳቀ። ሙሄ አልሳቀም፤ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ማሳው ድረስ አስጠሩኝ። ገመዱን እንደገና ዘረጉት፤ እኩል ነው። ሙሄ ግን በጄ አላለም።

«ወላሂ አልቀበልም! ገመድ የሚይዘው ሰው ነው፤ ሰው ያደላል። ፎቶ ማሽን ነው፤ ለማን ብሎ ይዋሻል?»

ዱላውን ጨበጠ። ኡመርም መሳቁን ትቶ ዱላውን አንስቷል። እኔ በመሀል ቆሜ ስለ ሌንስ ጠባይ ትምህርት መስጠት ጀመርኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሼህ ሰይድ፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው የገዛኸው?» አሉኝ።

ሰፊው ሌንስ የተገጠመበትን ካሜራ ለሙሄ ሰጠሁት።

«ጋሼ ሙሄ፣ እስቲ ከራስህ ማሳ ጫፍ ቁምና በዚህ ተመልከት።»

ሄዶ አየ። ዓይኑን ከካሜራው አንስቶ ማሳውን አየ፤ ደግሞ በካሜራው አየ። ዱላውን መሬት ጣለው።

«ያ ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ፣ ና እየው፤ ያንተ እኮ ጠፋ!»

ኡመር ሮጦ ሄዶ አየ። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሲስቁ ሽማግሌዎቹ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዱዓ አደረጉ። እኔ እንባዬ መጣ። እዚያው ከሙሄ ማሳ ጫፍ ቆሜ ለእሱም አንድ አነሳሁለት።

ጥፋቴን ለመካስ በማግስቱ በድሮው ተራ ሌንሴ ከኮረብታው ላይ ሁለቱን ማሳ እኩል የሚያሳይ ፎቶ አንስቼ ወሰድኩላቸው። ሙሄ አመስግኖ ወደ ጎን አደረገው። «ይሄም ደህና ነው። ያችን፣ ከኔ ማሳ ላይ ያነሳሃትን ግን በትልቁ አጥብልኝ» አለኝ።

አሁን በየቤታቸው የየራሳቸው ማሳ የገዘፈበት ፎቶ ተሰቅሏል። ይዘያየራሉ፤ ፍቅራቸውም ያስቀናል። እኔ ግን ያ የተጨበጠ ዱላ ትዝ ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ። ሁለቱ ማሳ እኩል የሚታይበትን እውነተኛውን ፎቶ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። እስካሁን አንድም ሰው አጥብልኝ አላለኝም።