ባለ አንድ ዓይኗ ፍትሕ

አያ ይባረክን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። የተጫወትነው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሳልጠይቃቸው የቀረሁት ከጠየቅኋቸው ይበልጣል። ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። አሁን ቀኝ እጃቸው አይጨብጥም።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ለአንድ ፍርድ ቤት አዲስ ሕንፃ ሲሠራ፣ ከበሩ በላይ የፍትሕን ምስል በድንጋይ እንዲቀርጹ ታዘዙ። ንድፉ የፈረንጅ መሐንዲስ ነው፦ ሚዛንና ሰይፍ የያዘች ሴት፣ ፊቷን ወደ ጎን ያዞረች። ስለዚህ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። በዚያው ወር የፍርድ ቤቱ ዳኞች «ባለእጅ ምን ርስት አለው?» ብለው፣ አያ ይባረክ ቤተ እስራኤል ናቸውና፣ አባታቸው ያረሱትን መሬት ለሌላ ሰው ፈርደው ነበር። እሳቸው ግን ሥራቸውን አላቋረጡም።

ሲጨርሱ መሰላሉ ላይ ቆመው ሸራውን ገለጡት። ግቢው በባለጉዳይ ተሞልቷል። ቢያዝን የሚባል የቁስቋም ሰፈር ሥዓሊ ቀና ብሎ አየና አማተበ።

«ምነው አያ ይባረክ! በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን አይደል? ጻድቅ እኮ ባለ ሁለት ዓይን ነው!»

ግቢው ተንጫጫ። በዚያ ጠዋት የተፈረደበት ክንዱ የሚባል ገበሬ መሰላሉን ገፍቶ ጣላቸው። ጥርሳቸው ደረጃው ላይ ረገፈ።

«ለካ ሰይጣን ሰቅሎብን ነው የተረታሁት!» እያለ ጎናቸውን በእርግጫ ደበደበው። ሌሎቹም ተረባረቡባቸው። በመጨረሻ ክንዱ አንገታቸውን አንቆ አስነሳቸው።

«ውጣና ሁለተኛውን ዓይን ጨምርላት። አለዚያ ይቺ እጅህ ሁለተኛ ድንጋይ አትጠርብም።»

«የት ላድርገው? ጆሮዋ ላይ?» አሉ፣ ደም እየተፉ።

አንድ ሰው ሳቀ። ክንዱ አልሳቀም።

ቢያዝን በተናገረው ተጸጽቶ፣ «እባክዎ፣ ጉንጯ ላይ ዓይን የሚመስል ነገር ትንሽ ጫር ያድርጉላቸው፤ ይበቃቸዋል» እያለ ለመናቸው። እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ።

ሰዎቹ ቀኝ እጃቸውን ደረጃው ላይ ዘርግተው ያዙባቸው። ክንዱ የራሳቸውን መዶሻ አንስቶ አራት ጊዜ መታ። አጥንቱ ሁለተኛው ላይ ነበር የደቀቀው።

ምስሉ በማግስቱ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው ሚስታቸው ሸዋረግ በምትሠራው ሸክላ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ እየፈራሁ ጠየቅኋቸው።

«አያ ይባረክ፣ ያን ምስል ሲቀርጹ፣ አንድ ዓይን ለማን እንደሚሰጥ እውነት አያውቁም ነበር?»

የተሰበረውን እጅ በደህናው ደግፈው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ሸዋረግ» አሉ፣ እኔ ገና ሳልነሣ፣ «እንግዳችን ሊሄድ ነው።»