ዳንቴል የለበሰ ሃርድ ዲስክ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የተወጋሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ቦታውን እስከ ዛሬ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ። ቃሊቲ ያለ አንድ ፋብሪካ በንብረት ክፍል ሊቀጥረኝ ተስማምቶ፣ የቀረኝ የመንግሥት ደመወዝ ያለው አንድ ዋስ ማቅረብ ብቻ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቢሮው ድረስ ሄጄ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አወለቀና «የኔ ልጅ፣ ነገ ዕቃ ቢጎድል ማን ይጠየቃል? አልፈርምም» አለኝ። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ከዚያ ቀን ወዲህ አጎቴን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ካልኩት ቆይቷል።

አባቴ ታሞ አምስት ወር ተኛ። ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ባረፈ ቀን አጎቴ ከኮዬ ፈጬ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ደረቱን እየደቃ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ሰው ሁሉ አዘነለት። እኔ ግን እዚያው ሐዘንተኛ መደብ ላይ ተቀምጬ «ታማሚ ሳለ ደጁን ያልረገጠ፣ ሲሞት ለማን ነው የሚያለቅሰው?» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። አጎቴ እንባውን ጠርጎ «መጥቻለሁ፤ መልሳኛለች» አለ። ቤተ ዘመድ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ እሱን አመነ፣ ግማሹ እኔን።

አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል የእድራችን ዳኛ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ» አሉኝ። «ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ታረቁ።»

«እታረቃለሁ» አልኩ። «ግን አስቀድሞ አባቴ ራሱ ይመስክር። ቪዲዮ አለኝ።»

እውነትም ነበረኝ። አባቴ ታሞ በነበረ ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፌ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የበቀለበት የአባቶቹ ማሳ የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያበቃ እያስተረክሁ ቀርጬዋለሁ። መሐል ላይ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ «ወንድሜ ግን አንድ ቀን እንኳን ደጄን አልረገጠም» ብሏል። ስልኩ ሳይሰረቅ በፊት ቪዲዮውን ወደ ሃርድ ዲስክ አዛውሬው ነበር። ያለኝ ቅጂ እሱ ብቻ ነው። በመጪው እሑድ ያቺን ዓረፍተ ነገር አጎቴ ፊት ላይ ለመክፈት ቀጠሮ ተያዘ። እንቅልፍ የነሳኝ ደስታ ነው ብል አልዋሸሁም።

ሰኞ ዕለት ሃርድ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። አባቴ ታየ፤ ስለ ሽንብራው ማሳ ማውራት ጀመረ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ላፕቶፑ ዲስክ ሲነቀልበት የሚያሰማውን ድምፅ አሰማና አባቴ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ነቅዬ ሰካሁት። መጣ፤ ሄደ። ልቅዳው ብል ግማሽ ሳይደርስ ይቋረጣል። ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት፣ የጎረቤት ላፕቶፕ ተውሼ ቤቴ ሞከርኩት፤ ያው ነው። የኛ ሰፈር መብራት እንኳን ከሱ የተሻለ ቁም ነገር አለው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ያለችው ከስድስተኛው ደቂቃ በኋላ ነው። አጎቴ ድግምት አስደግሞብኝ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ፤ አልቀልድም።

ማክሰኞ ሳሪስ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ነገሩን ሁሉ በዝግታ የሚሠራ፣ ከስልጤ የመጣ ጎልማሳ ነው። ሰክቶ የራሱን ፊልም ጭኖ ለቀቀው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ አላለም። «ኬብሉ ደክሞ ይሆናል» ብሎ አዲስ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ሰካሁት፤ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሄደ።

ረቡዕ ላፕቶፑንም ተሸክሜ ተመለስኩ። «ኮምፒውተሩ ኃይል ልቆጥብ እያለ ያጠፋው ይሆናል» አለና ውስጡ ገብቶ አንድ ነገር ዘጋ። እሱ ጋ ሠራ። «እዚሁ ልገልብጥልሽ?» አለኝ። እምቢ አልኩ። የአባቴን አልጋ ለማላውቀው ሰው አልከፍትም፤ ደግሞ የሰው ቪዲዮ ገልብጠው ኢንተርኔት ላይ እንደሚለቁ ሰምቻለሁ። ቤት ስገባ እንደገና ሄደ።

ሐሙስ ቂሜ ሁሉ ወደዚህ ሰውዬ ዞረ። ደጋግሜ እንድመላለስለት ውስጡን ነካክቶብኛል አልኩ። ሱቁ በደንበኛ እንደተሞላ «አንተ ሌባ ነህ! የሙት አደራ የምታበላሽ!» ብዬ ጮህኩበት። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው አዩን። ሰውዬው አልተቆጣም። ሰው ሁሉ ዝም እስኪል ጠብቆ «እህቴ፣ እኔ ጋ ይሠራል፤ አንቺ ጋ አይሠራም። ቤት እንዴት እንደምታስቀምጪው አሳዪኝ» አለኝ።

እኛ ሰፈር ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ ሪሞቱ ከገዛነው ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው። ለሃርድ ዲስኩም በነጭ ክር ልክክ ያለ ልብስ በኪሮሽ ሠርቼለታለሁ፤ ለገመዱ መግቢያ ቀዳዳ ትቼ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ ሦስት ዙር አወፍሬ። ከቤት ስወጣ ግን የከባድ መኪናው አቧራ ነጩን እንዳያቆሽሽብኝ አውልቄው ነበር የምሄደው።

ልብሱን ከቦርሳዬ አወጣሁት። ባለሙያው አለበሰው፣ ገመዱን ሰካ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ። ጠርዙ ወፍሮ ገመዱን መሐል ላይ አስቁሞታል። ጫፉ ብቻ ገብቶ ተንጠልጥሏል፤ ዲስኩ ትንሽ ሲሽከረከርና ሲነቀነቅ ይንሸራተትና ይወጣል። «በጣም ስለወደድሽው ነው» አለኝ። መቀስ ሲያነሳ ልብሱን ቀማሁትና እዚያው ቆሜ ሁለቱን ዙር በእጄ ፈታሁት። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ግን አልወጣኝም፤ ክሩን ጠቅልዬ ሄድኩ።

ማታ ቤቴ ከፈትኩት። አራተኛው ደቂቃ አለፈ። አምስተኛው፣ ስድስተኛውም አለፈ። «ወንድሜ ግን አንድ ቀን እንኳን ደጄን አልረገጠም።» እዚያ ጋ አቁሜ እንደገና ሰማሁት። ስድስት ጊዜ ሳልሰማው አልቀርም። ከአባቴ የምፈልገው ያችን ብቻ ነበር። ከዚያ ዲስኩ እስከ መጨረሻው ይዘልቅ እንደሆነ ለመፈተን ድምፁን አጥፍቼ ለቀቅኩትና ሳህን ማጠብ ገባሁ። በጨረፍታ ሳየው አባቴ ትራሱ ላይ ሆኖ ወደ በሩ ዞሯል። አልተቋረጠም። እሰይ አልኩ።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ፣ አጎቴ ጋቢውን ለብሶ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ላፕቶፑን መሐል አደረግኩ። ሃርድ ዲስኩ ልብሱን ለብሶ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። አባቴ አወራ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ስትመጣ ስክሪኑን ሳይሆን አጎቴን ነበር የማየው። አንገቱን ደፋ። አሥር ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት አንገት መድፋት እሱ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ።

ልዘጋው እጄን ስዘረጋ የእድሩ ዳኛ «ተይው ልጄ» አሉኝ። «ድምፁ ናፍቆናል። ትንሽ እንስማው።» ምን ብዬ እከለክላለሁ? እጄን መለስኩ።

አባቴ ስለ ወንዙ ትንሽ አወራ። ከዚያ በር ተንኳኳ። የራሴ ጫማ ሲራመድ ተሰማ፤ በሩ ሲጥ አለ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ አልጋውን ከበሩ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው።

«ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ፤ እንዴት ሆነ?» የአጎቴ ድምፅ ነው።

«ተኝቷል።» የኔ ድምፅ ነው።

ስክሪኑ ላይ አባቴ ዓይኑን ገልጦ ወደ በሩ ዞሯል።

«እስኪነቃ ትንሽ ልቀመጥ።»

«ሐኪሙ ሰው አይየው ብሏል። ሌላ ቀን ይምጡ።»

ፌስታል ተንኮሻኮሸ። «በይ ይችን ብርቱካን ስጪው። መጥቶ ነበር በይው።» በሩ ተዘጋ።

የአባቴ ጆሮ ከብዶ ነበር። የስልኩ ጆሮ ግን ደህና ነበር።

«ማነው?» አለ አባቴ።

«ቆጣሪ አንባቢ ነው።»

«እኔ ደግሞ ወንድሜ መስሎኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ እንዳይቋረጥ የለመንኩትን ዲስክ ያን ጊዜ እንዲቋረጥ ለመንኩት። አልተቋረጠም። አባቴ ወደ ግድግዳው እስኪዞር ድረስ፣ እኔም መጥቼ ስልኩን እስካነሳው ድረስ ቀጠለ። አጎቴን ከደጅ መመለሴን ረስቼው አልነበረም፤ እንዲህ ብዬ ሰውን አላታልልም። የረሳሁት በር ልከፍት ስነሳ ቀረጻውን አለማቆሜን ነው። ዋስ ያልሆነኝ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ሲለምነኝ ማየት ፈልጌ ነበር፤ አየሁት። ዋጋውን ግን አባቴ በአምስት ወር ናፍቆት እንደከፈለው ቆሜ አላሰብኩም። የወጋ ይረሳል የሚለው ተረት ለኔ አልሠራም።

የእድሩ ዳኛ ምርኩዛቸውን ያያሉ። አጎቴ እንደሚነሳና እንደሚሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም። እሱ ግን ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበና፣ ልክ ያን ቀን በር ላይ በነበረው ድምፅ «ብርቱካኑንስ በላው?» አለኝ።

«በልቷል» አልኩ።

«ከማን ነው አልሽው?»

«እኔ ነኝ የገዛሁልህ አልኩት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ጣፈጠው?» አለ።

«ሁለት በላ» አልኩት።