የሸሸው እርምጃ፦ ከአዳማ እስከ ዝዋይ ከሞተር ጀልባ ጋር

ከአዳማ የተነሣነው በጥር፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ከጅቡቲ በባቡር የመጣች የሞተር ጀልባ በካሚዮን ላይ በገመድ ተጠፍራ ተጭናለች። ባለቤቷ ሐጂ ይማም ናቸው፤ ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ። ሐሳባቸው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችና በዳርቻው መካከል ሰውና ዕቃ በፍጥነት ማመላለስ ነው። እኔ ደግሞ አሥር ዓመት በባቡር ጋራዥ መፍቻ የጨበጥሁ መካኒክ ነኝ። ሐጂ፣ «እንደተባለላት ከበረረች አንተ ትይዛታለህ፤ ካልበረረች እሸጣታለሁ» ብለውኝ፣ ይህን ተማምኜ የባቡሩን ሥራ ለቅቄያለሁ።

ባለቤቴ አስካለ የወለንጪቲ ልጅ ናት፤ በቀላሉ አትሸነገልም። ስንሰነባበት፣ «አንተ ሂድ። እኔ ግን በወሬ ቤቴን አላፈርስም» አለችኝ።

ስለ ጀልባዋ ጥቂት ልናገር። ሞተሯ ከኋላ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩም ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር፣ ቅጠል መሳይ ክንፎች ያሉት የነሐስ ውልብልቢት አለው። ውልብልቢት እንደ ብሎን ነው፤ አንዴ ሲዞር ይህን ያህል ወደፊት ይሄዳል ተብሎ ይሠራል፤ ይህም እርምጃው ይባላል። ዕቃው ሲታዘዝ ሐጂ ያማከሩት እኔን ነበር። እኔ የማውቀው ሐዲድ ነው፤ መንኮራኩር አንዴ ከዞረ ባቡሩ የመንኮራኩሩን ዙሪያ ያህል ይጓዛል። እንግዲያው እርምጃው በረዘመ ቁጥር ጀልባዋ ትፈጥናለች ብዬ ትልቁን አሳዘዝኩ። ሻጩ ትልቁን ገጥሞ ላከ፤ ሳንጠይቀውም እርምጃው አጠር፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ሌላ ጨመረበት። እኔ «ይህ ምን ያደርግልናል፣ እዚሁ ይቅር» ብዬ ነበር። ሐጂ ግን የተከፈለበት ዕቃ አይቀርም ብለው በጆንያ ጠቅልለው ጫኑት።

አዋሽን ስንሻገር

እስከ ሞጆ መንገዱ ደህና ነበር፤ አቧራው ግን አይጣል ነው። ሞጆ ላይ ቆሎና ሙዝ ገዝተን ወደ ደቡብ ታጠፍን። ሾፌራችን ግርማ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። «ይህ የእኔ ካሚዮን ባሕሩ ዳር የሚጎትተውን ያህል እዚህ አይጎትትም። ከፍታው ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር ይደክመዋል» አለኝ። እኔም የሾፌር ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት።

አዋሽ በበጋው ጎድሎ ነበር፤ አሸዋው ግን ጎማችንን ዋጠው። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ እየሰጡ አንድ የአካባቢው ገበሬ ጥማድ በሬዎቻቸውን ነድተው መጡ። በሬዎቹ ሲጠመዱ ገበሬው ጀልባዋን ዞረው ዞረው አዩዋት።

«ይህቺ ታንኳ ናት?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ውሃው ይኸው። ምነው በመኪና ትሻገራለች?»

ሐጂ እስኪያነቡ ሳቁ። በሬዎቹ ሲያወጡን ለገበሬው አንድ ጠገራ ብር ሰጧቸው። መቂ አደርን።

ሐይቁ

ረቡዕ ቀትር ላይ ከግራር ጫካው ስንወጣ ዝዋይ ድንገት ፊታችን ተዘረጋ። እኔ እስከዚያ ቀን ትልቅ ውሃ የምለው አዋሽን ነበር። ውሃው ሄዶ ሄዶ ከሰማይ ጋር ይገናኛል፤ ደሴቶቹ መሐሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው እየቀዘፉ ዓሣ ያጠምዳሉ። ቆቤን አውልቄ ቆምኩ። ማውለቄንም ያወቅሁት ግርማ ሲስቅብኝ ነው።

እዚያ የተቀበሉን አባ ሰንበቶ ይባላሉ፤ ከደሴቶቹ የዘይ ሰዎች አንዱ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የደንገል ታንኳ የቀዘፉ ሽማግሌ። «ከቀትር በኋላ ነፋስ አለ፤ ሐይቁ አይታመንም። ሙከራችሁ በጠዋት ይሁን» ብለው መከሩን።

ሐሙስ

ጠዋት ሐጂ፣ አባ ሰንበቶና እኔ ተሳፈርን። ሞተሩ ተነሣ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች፣ ኋላዋ ሰመጠ፣ ከበስተኋላችን ውሃው እንደ ጠላ አረፋ ፈላ። ሞተሩ ያቃስታል፤ እኛ ግን እየተጎተትን ነው። ነዳጅ ጨመርኩ፤ አረፋው በዛ እንጂ ፍጥነቱ ያው ነው።

ዳር ወጥተን ሁለት እንጨት መቶ ሜትር አራርቄ ተከልኩ። የዙር መቁጠሪያዬን ይዤ በመካከላቸው ተመላለስኩ። በሒሳቤ ውልብልቢቱ ሁለት መቶ ሰማንያ ጊዜ ዞሮ መድረስ ነበረበት። የዞረው አምስት መቶ ያህል ነው። ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው እርምጃ ውሃው ውስጥ ሸሽቶ ጠፋ።

ሐጂ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ወረቀት አወጡ። «ለሻጩ ጻፍ» አሉኝ፤ ጽሕፈቱ የእኔ ሥራ ነው። «የላክህልን ሞተር በሽተኛ ነው። አታለኸናል...»

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። አባ ሰንበቶ አጠገባችን ተቀምጠው ነበርና፣ «ሞተሩ አልታመመም» አሉ። «እኛ የተጫነ ታንኳ ከቆመበት ስናስነሣ አጭር አጭር ነው የምንቀዝፈው። መቅዘፊያውን አርቆ የሚስብ ሰው ውሃውን ይቆፍረዋል፤ ታንኳው ግን እዚያው ነው። የናንተም አርቆ ይስባል።»

የግርማ ነገር ትዝ አለኝ። በሳሳው አየር የደከመው ሞተር፣ ሊገፋው የማይችለው ረጅም እርምጃ፣ ሁሉም ገባኝ፤ አፈርኩም። እውነቱን ሳልናገር ሌላውን መግጠም እችል ነበር። ሻጩ ግን ምንም ሳያጠፋ ስሙ በእኔ እጅ ጽሕፈት ሊጎድፍ ነው።

«ሐጂ፣ አጥፊው ሻጩ አይደለም። ትልቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ውሃን እንደ ሐዲድ ቆጥሬው ነው።»

ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ ወረቀቱን አጠፉት። «ነገ ጠዋት ትንሹን ግጠም። እምቢ ካለ ግን ደብዳቤው ውስጥ የሚገባው ያንተ ስም ነው።»

ዓርብ

ትልቁን ውልብልቢት የያዘውን ሚስማር ነቅዬ ጆንያ ውስጥ የነበረውን ገጠምኩ። እነዚያው ሦስታችን ተሳፍረን ተነሣን። አፍንጫዋ እንደ ትናንቱ ከፍ አለ። ከዚያ ሞተሩ ድምፁን ከፈተ፣ ኋላችን ከፍ አለ፣ ጀልባዋም ከውሃው ላይ ወጣች። ውሃን እየሰነጠቅን አልነበረም፤ ከላዩ ላይ እየሮጥን ነበር። ወፎቹ ከፊታችን ተነሡ፣ ደሴቱ ወደ እኛ መጣ። ሐጂ አላህን ያመሰግናሉ፤ አባ ሰንበቶ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁትን ውሃ እንደ አዲስ ያያሉ። እንባዬ መጣ፤ ነፋሱ ነው ብል ውሸት ነው።

ኋላ በእንጨቶቹ መካከል ለካሁ፤ በሒሳብ ሦስት መቶ ሃምሳ ሰባት ዙር፣ በተግባር አራት መቶ አርባ ገደማ። አሁንም ጥቂት ይሸሻል። ይህን ለአባ ሰንበቶ ብነግራቸው፣ «ጥቂትማ ይሽሽ። ውሃ ወደ ኋላ ካልሄደ አንተ ወደፊት በምን ትሄዳለህ?» አሉኝ። ይህን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ለካ መንሸራተቱ ሁሉ ብክነት አይደለም፤ ብልሃቱ ለሞተሩ ጉልበት፣ ለጭነቱና ለአየሩ የሚስማማውን መምረጥ ነው። አሥር ዓመት በብረት ላይ ብረት ሲሄድ አይቼ፣ ውሃ ይህን ያህል ምስጢር እንዳለው አለማወቄ ይገርመኛል።

ሐጂ ጀልባዋን ለአባ ሰንበቶ አደራ ሰጥተው፣ «ቤተሰብህን ይዘህ ተመለስ» አሉኝ።

አዳማ

እሑድ ከሰዓት ቤቴ ደረስኩ። አስካለ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። የአዋሹን፣ የሐይቁን፣ የበረራውን ሁሉ ተርኬ ተርኬ፣ ወደ ዝዋይ እንሂድ አልኳት። የእርጥቡን ልብስ ጫፍ እንደያዘች ሰማችኝ።

«ያንን የማይሆነውን ማነው የመረጠው?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ሐጂ ያውቃሉ?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሳይደርሱብህ ነው የነገርካቸው?»

«ሳይደርሱብኝ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የሰቀለችውን ልብስ፣ ገና ውሃው እየተንጠባጠበ፣ አንድ በአንድ እያወረደች መጠቅለል ጀመረች።