ፒያኖ ሲበርደው

ዛሬ ጠዋት አዳራሻችን ውስጥ ከፒያኖው አጠገብ የጋለ የከሰል ምድጃ አገኘሁ!

እዚህ ደብረ ታቦር ልጆችን ፒያኖ አስተምራለሁ። ቃኝቼው እሄዳለሁ፤ ስመለስ ቅኝቱ ተዛብቶ ይጠብቀኛል። ፒያኖውን የሠሩትን የፋብሪካ ሰዎች ስንቴ እንደረገምኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ለካ አዳራሹን የሚያጸዱልን እማማ የሺ አዝነውለት ጠዋት ጠዋት እያሞቁት ኖሯል።

«በዚህ የጉና ብርድ እንዴት ድምፅ ያውጣ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሙቀቱ እንጨቱን ሲያደርቀው ሽቦው እንደሚላላና ቅኝቱ እንደማይረጋ አስረዳኋቸው። ደንግጠው ምድጃውን አወጡ።

እንደገና ቃኝቼ ስጨርስ ግን ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። «ይኸስ ይጎዳዋል?»

አይጎዳውም አልኩና ምድጃውን በረንዳ ላይ ለእሳቸው አቀጣጠልኩላቸው።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ ሰው አዝኖለት የተበላሸባችሁ ዕቃ ምንድን ነው?