ከኋላ ለሚሄድ ሰው

ዛሬ ለወንድሜ ስንቅ ይዤ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስሄድ አንድ ገልባጭ መኪና ጭቃ አለበሰኝ። ልናደድ ፈልጌ አቅም አጣሁ። አባዬ ትዝ አለኝ።

አቃቂ ግቢያችን ውስጥ፣ ጭቃ ማሳ ለሚያቋርጥባት አሮጌ ባለ ሦስት እግር ሞተር ከኋላ የሚንጠለጠል የጭቃ መከላከያ ካረጀ ጎማ ይቆርጥ ነበር። ወንድሜ ጫፉን ይዞለታል፤ እኔ ቢላዋው እንዳይያዝበት ውሃ አፈስለታለሁ። የጎማው ሽታ ለቀናት ከእጃችን አይለቅም።

«ወንበሩ ተቀዶ አንተ ለጭቃ ትጨነቃለህ?» አለችው እማዬ።

«ወንበሩ ለእኔ ነው» አላት ቀና ሳይል። «ይሄ ከኋላዬ ለሚሄደው ሰው ነው።»

ቃሊቲ ስደርስ ወንድሜ ከማረሚያ ቤቱ አጥር ወዲያ ቆሞ ጭቃ የለበሰ ቀሚሴን ቁልቁል አየ።

«ባለመኪናው ከኋላው ጎማ አላንጠለጠለም?» አለኝ።