ከውሰር ያልተባለውን ስታነብ

ከውሰር የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪዋን ይዛ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ከሚሴ ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ "ማሻአላህ" አለ። ወዲያው ደግሞ "ታዲያ በምን ተመረቅሽ?" አላት። ነርስ ብትሆን መርፌ ትወጋለች፤ መሐንዲስ ብትሆን ቤት ታሠራለች። ሥነ ጽሑፍስ ምን ያደርጋል? ከብት አርቢው አባቷ ሙሐመድዘይን መልሱን አዘጋጅተው ይዘውታል። "የፈረንጅ ተረት አንብባ ጨረሰች" ይላሉ፤ ይስቃሉም።

እሷን ግን አንጀቷን ነበር የሚያሳርራት። እሷና ጓደኞቿ ሊመረቁ ሰሞን ስለ ሥራ ሊመክራቸው የመጣ አንድ ዘናጭ ሰውዬ፣ "ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሥራ አያጣም። የተባለውንማ ማንም ይሰማዋል፤ እናንተ ያልተባለውን ትሰማላችሁ፣ የሰው ልብ ታነባላችሁ" ብሏቸው፣ እጃቸው እስኪቃጠል አጨብጭበውለታል። እውነቱን ነው መቼም። ከዚያ በኋላ በየቢሮው "እንደውልልሻለን" ባሏት ቁጥር ከውሰር ያልተባለውን ጥርት አድርጋ ሰማች። ስልኩም አልጮኸም። እንዲህ እንዲህ እያለች ለሰፈሩ ሰው የመድኃኒት ወረቀት ስታነብ ከረመች።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲጠፋ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጥቂት ከብት ላላቸው ሰዎች መኖ ሊያድል መጣ። የላካት ባለሙያ ፈረንጅ ናት፤ እንግሊዝኛም አማርኛም ኦሮምኛም የሚችል አስተርጓሚ ያስፈልጋታል። ከውሰርን "አንድ ቀን እንይሽ፤ ከሆነልሽ ትቀጠሪያለሽ" አሏት። ይህንንም ካጣች አባቷ ሲስቁ የኖሩት እውነታቸውን ነበር ማለት ነው። ይህን ከመስማት ሞት ይሻላታል።

ሰንበቴ ገበያ ወረዱ። ፈረንጇ የመጀመሪያውን ሽማግሌ፣ የነከውሰርን ጎረቤት አብዱልጀሊልን፣ "ስንት ከብት አለዎት?" ስትል ጠየቀች።

ጉድ በሉ። በዚያ አገር የከብት ቁጥር ይጠየቃል? ባለቤቱስ በአፉ ይናገራል? ቁጥሩ ከአፍ ከወጣ ዓይን ይገባበታል፤ ውሎ ሳያድር በረቱ ይራቆታል። ስለዚህ ጨዋ ሰው አይጠይቅም፤ ቢጠየቅም አይመልስም። አብዱልጀሊልም ወጉን ያውቃሉ፤ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት። "አልሐምዱሊላህ፣ አሏህ የሰጠን አለ። ወተት አላጣንም። ልጆቹም ከብቱን ውሃ ሊያጠጡ ወርደዋል።"

ከውሰር ቃል በቃል ተረጎመች። ፈረንጇ "እሺ፣ ስንት?" አለች። እንደገና ጠየቁ፤ እንደገና አልሐምዱሊላህ። ሴትዮዋ ፊቷ ጠቆረ፤ ይህች ልጅ ታስተረጉማለች ወይስ ዱዓ ታደርጋለች በሚል ዓይን አየቻት። ከውሰር ሥራው ከእጇ ሲያመልጥ ታያት፤ ያኔ የተማረችው ሁሉ ትዝ አላት።

"ቁጥሩን አይናገሩም፤ ግን ብዙ ነው" አለች በእንግሊዝኛ። "ወተት አላጣንም የሚል ሰው የሚያልበው አንድ ላም አይደለም። ልጆቹ ሲሉም ሰምተሻል፤ አንድ እረኛ አይበቃቸውም።"

ፈረንጇ ዓይኗ በራ። ከዚያ ወዲያ ከውሰርን የሚያቆማት ጠፋ። ላሚቱን በስሟ እየጠራ ያሞገሰው ሰውዬ ያለችው እሷ ብቻ ናት አለች። ስለ ሳር መጥፋት የጮኸው ብዙ አለው፤ ዝም ያለው ምስኪን ነው። አንዱንም አልሳተችም። መምህሮቿ ቢያዩዋት እንዴት በኮሩባት።

መጨረሻ ላይ አባቷ ራሳቸው ብቅ አሉ። ልጃቸው ከፈረንጅ ጎን መቆሟን ሲያዩ ደረታቸው ሰፋ። ያው ጥያቄ ቀረበላቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ድርቆሹ ብቻ ቶሎ ቶሎ እያለቀ አስቸገረን" አሉ።

ፈረንጇ ወደ ከውሰር ዞረች። "ይሄስ ምን ማለት ነው?"

ምነው ለአፍታ እንኳ ብታስብ። አፏ ቀደማት። ድርቆሽ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው በረቱ ሙሉ ነው ብላ አብራራች፤ ረጅም፣ ያማረ እንግሊዝኛ ነበር። አባቷ አንዲትም አልገባቸውም። "ማሻአላህ፣ ለኔ ለአንዲት ቃል ይህን ሁሉ እንግሊዝኛ?" ብለው አጠገባቸው ወደቆሙት ዞሩ። "አያችኋት? የኔ ልጅ ናት እኮ።" ያን ቀን ስለ ተረት ያነሳ የለም። ከውሰርም እንደዚያ የተደሰተችበት ቀን አታስታውስም።

ሥራውን አገኘች። መኖው ሲታደል ግን ለአባቷም ለአብዱልጀሊልም አልደረሰም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ገበያው ሁሉ ገባው። አባቷ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። በመጀመሪያ ደመወዟ ድርቆሽ ገዝታ ስታመጣ እንኳ "አሏህ ይጨምርልሽ" ብለው መርቀው ተቀበሏት።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አባቷና አብዱልጀሊል በረንዳው ላይ ተቀምጠው የደራ ወሬ ይዘዋል። ስለ ጊደሮቹ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አጠገባቸው ኩርምት ብላ ስትሰማው ያደገችው ወሬ። ከውሰር ሰላምታ ሰጥታ ልትቀመጥ ስትል ሁለቱም ወሬውን አቋረጡ። አባቷ ለእንግዳ በሚናገሩበት በዚያ በለዘበ ድምፃቸው አነጋገሯት።

"ልጄ፣ አንቺ እስቲ ወደ ውስጥ ግቢ" አሉ። "የከብት ወሬ ነው የምናወራው።"